ስለ ክፍት ምንጭ ሙያና ስለ ልጆቻችን

የአንጥረኛ ሙያ በመዶሻው ድምፅ ይታወቃል፤ የሸማኔም ሙያ ከእጁ በሚወጣው ጥበብ ላይ ይታያል፤ ለአናጢውም የሠራው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይመሰክርለታል። በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚውል ሰው ሙያ ግን ከወላጅ ዐይን የተሰወረ ነው። እናት ልጇ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርቶ በጥቍር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ሲለቅም ታያለች እንጂ፥ ምን እንደ ሠራ፥ የሠራውም ማንን እንደ ጠቀመ ልታይ አትችልም። ስለዚህም በብዙ ቤት «ይህ ልጅ ይሠራልን ወይስ ይጫወታል?» የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። ልጁም «እኔ የምሠራው በክፍት ምንጭ ነው፤ ይህም ዋጋ ሳይከፈልበት የሚገኝ ነው» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ ጥርጣሬው እጥፍ ይሆናል፤ ወላጅ ዋጋ ያልተጠየቀበት ነገር ዋጋ ያለው አይመስለውምና።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ፊደልን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፥ ሒሳብንና እንግሊዝኛን ደግሞ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ፤ ዕድሜዬንም ያሳለፍሁት መዝገብ በመክፈት፥ ግልባጭ በመስጠትና የሰውን ቃል በጽሑፍ በማኖር ነው። የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን ከቤተ ሰባችን የተነሣ አንድ ጉዳይ ይህን ሙያ እንድመረምር አስገደደኝ፤ ያገኘሁትም ለሌላው ቤት ይጠቅም ይሆናል በማለት እነሆ እጽፋለሁ።

ጉዳዩም ይህ ነው። የእኅቴ ልጅ በኮምፒዩተር ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። አባቷም ከደመወዛቸው እየቀነሱ ሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበራቸው፤ ሐሳባቸውም የአንድ ታላቅ የውጭ ኩባንያን ፕሮግራም የሚያስተምር ኮርስ አስገብተው የምስክር ወረቀት ሊያሰጧት ነበር። እርሷ ግን በዚያ ገንዘብ አንድ ደኅና ኮምፒዩተር፥ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪና የአንድ ዓመት ኢንተርኔት እንዲገዛላት፥ ጊዜዋንም በክፍት ምንጭ ሥራ ላይ እንድታውል ለመነች። አባትና ልጅ በዚህ ነገር ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ። በመጨረሻም አባቷ ወደ እኔ መጥተው «አንተ የሰው ክርክር ስትጽፍ የምትውል ነህና የእርሷን ነገር መርምረህ ንገረኝ፤ ይህ ገንዘብ ሁለተኛ አይገኝም» አሉኝ። እኔም መመርመር እንጂ መፍረድ የጸሐፊ ሥራ አለመሆኑን ነግሬ ተቀበልሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ትርጓሜ ማወቅ ይገባል። ፕሮግራም የሚባለው ለኮምፒዩተር የሚሰጥ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ይህን ጽሑፍ ሰው ሊያነበው በሚቻል ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ መኪናው ብቻ ወደሚያውቀው ቍጥር ይገለበጣል። ሻጭ የሆነ ኩባንያ ለገዢው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ይህን ግልባጭ ብቻ ነው፤ ዋናውን ጽሑፍ ቈልፎ ያኖረዋል። ይህም ወጡን ሸጦ ባልትናውን እንደ መሰወር ነው። ክፍት ምንጭ የተባለው ግን ዋናው ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ የወደደ ሰው ያነበዋል፥ ይጠቀምበታል፥ ለራሱ ጉዳይ ያሻሽለዋል፥ ለሌላውም ያካፍለዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ቃል ላመልክት። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ ባስታወቁ ጊዜ ዐሳባቸው ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ነጻነት ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚነገሩ እስከ ዛሬ ድረስ ማብራራት ያስፈልጋቸዋል። በእኛ ቋንቋ ግን «ነጻ» እና «በነጻ» በአንዲት ፊደል ተለያይተዋል፤ የክፍት ምንጭም ትልቁ ቁም ነገር በነጻ መገኘቱ አይደለም፥ ነጻ መሆኑ ነው።

በ1991 ደግሞ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ጽፎ ለሰው ሁሉ አቀረበ። ሥራውን ትንሽ የጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ነበር ያስታወቀው። ዛሬ ግን በብዙዎቻችን እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚህ እምብርት ነው፤ በየጊዜው እየተቈጠሩ ከሚመዘገቡት 500 የዓለም ኀያላን ኮምፒዩተሮች መካከልም ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በሌላ ሥርዓት የሚሠራ አልተገኘም። እንግዲህ ነገሩ የልጆች ጨዋታ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። ነገር ግን ሊኑክስ ታላቅ ስለ ሆነ የእኅቴ ልጅ ባለ ሙያ ናት አይባልም፤ ይህን በሌላ ማስረጃ ማረጋገጥ ነበረብኝ።

ማስረጃው የመጣው ካልጠበቅሁት ስፍራ ነው። እኔ በሰፈራችን ዕድር ጸሐፊነት አገለግላለሁ። ዕድራችንም ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባላቱን ስምና ክፍያ የሚይዝ ፕሮግራም ከአንድ ሻጭ ገዝቶ ነበር። ሻጩ ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ፕሮግራሙ ግን ተዘግቶ እንደ ነበር ቀረ፤ እኛም የገንዘቡ ባለቤቶች ስንሆን የመዝገባችን ጌቶች ሳንሆን ቀረን። አንድ ቀን ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት የሚገባቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ መጡ። ገንዘብ ያዣችን የባልየውን ስም በኮምፒዩተሩ ላይ ቢፈልጉ አልተገኘም። ከተሰበሰቡትም መካከል «እንግዲያስ አባል አልነበሩም» የሚሉ ተነሡ። ሴትዮዋም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደ ለበሱ ዝም ብለው ቆሙ። የቀድሞው የወረቀት መዝገብ ከሣጥን ወጥቶ በተገለጠ ጊዜ ግን ስሙ ከ19 ዓመት ክፍያ ጋራ ተጽፎ ተገኘ፤ ገንዘባቸውም በዚያው ቀን ተሰጣቸው።

ስሙ በመኪናው ላይ የጠፋበት ምክንያት የፊደል ነገር ነበር። ሟቹ ኃይሌ ይባሉ ነበር፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን «ሐይሌ» ተብሎ ገብቶ ኖሯል። ለእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለመኪናው ግን አይደሉም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የእኛን ፊደል በ1999 በ3ኛው እትሙ ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር ሰጥቶታል፤ ሀ 4608፥ ሐ 4624፥ ኀ 4736 ነው። መኪናው የሚያወዳድረው ቍጥሩን ነውና 4624ን ለፈለገው ሰው 4736ን አያመጣለትም።

ይህን ለእኅቴ ልጅ በነገርኋት ጊዜ በማግሥቱ መጣች። የተገዛውን ፕሮግራም ውስጡን ልታየው ስላልቻለች የስሞቹን ዝርዝር ብቻ ከውስጡ አውጥታ፥ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነች፤ መዝገቡንም ፖስትግረስ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ አኖረችው። ደቢያን ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የሚዘጋጅ ነው፤ ፖስትግረስም በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ከተጀመረ ጥናት የመጣ ነው። ለሁለቱም አንድ ሳንቲም አልከፈልንም።

ፊደሎቹንም ልታስማማ በጀመረች ጊዜ እኔ ተቃወምኋት። «ልጄ ሆይ፥ የሰው ስም እንደ ተጻፈ ይኑር፤ ሁሉን ወደ አንድ ፊደል ብታመጪው የአባቶችን አጻጻፍ ታጠፊያለሽ፥ በፊርማና በመታወቂያም ላይ ክርክር ታመጫለሽ» አልኋት። እርሷም «አጎቴ፥ የተጻፈውን እኔ አልነካውም። ከእርሱ አጠገብ ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን፥ ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ሁሉ አንድ የሆኑበት ሌላ ዓምድ እሠራለሁ። ሰው የሚያነበው እርስዎ የጻፉትን ነው፤ መኪናው የሚፈልገው ግን በዚያኛው ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሰ እና ሠን፥ አ እና ዐን፥ ጸ እና ፀንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያዣችን በየትኛውም ፊደል ቢጽፉ ስሙ ይመጣላቸዋል፤ በመዝገቡም ላይ የሚታየው ባለቤቱ እንደ ጻፈው ነው።

በዚህ ጊዜ የሙያ ትርጓሜ ምን እንደ ሆነ ገባኝ። ቍልፉን መጫን ማንም በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። ሙያ ግን የሰውን ችግር እስከ ሥሩ አይቶ፥ ሊነካ የማይገባውን ሳይነኩ መድኃኒቱን ማበጀት ነው። ይህንንም ልታደርግ የቻለችው መሣሪያው ክፍት ስለ ነበረ ነው፤ በተዘጋው ፕሮግራም ላይ ግን ዕውቀቷ ሁሉ ከደጅ ቆሞ ቀርቶ ነበር።

ሥራዋ ግን በዕድራችን አላበቃም። ፊደሎቹን የምታስማማበትን ትንሽ ጽሑፍ ከእኛ ስምና መዝገብ ለይታ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉ ገለጠችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሰው «ሧ እና ሷን ረስተሻል» ብሎ ጻፈላት፤ እርሷም አመስግና በዚያው ቀን አረመች። እኔ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዱ ሲያነብ ሌላው ከአጠገቡ ሆኖ ያርመው ነበር፤ የታረመውም ልጅ አያፍርም፥ ዝም ብሎ ያለፈው ጓደኛው ግን ይወቀስ ነበር። በክፍት ምንጭ ሰዎች ዘንድ ያለው ልማድ ይህንኑ የሚመስል ሆኖ አገኘሁት።

እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የመዝገብ አያያዛቸው ነው። ጊት የሚባል መሣሪያ አላቸው። ይህንንም በ2005 የሠራው ያው ቶርቫልድስ ነው፤ የሊኑክስ ጸሐፊዎች እስከዚያ ድረስ ያለ ክፍያ ይጠቀሙበት የነበረው የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ፈቃዱ በተቋረጠባቸው ጊዜ ሠራው። በጊት ውስጥ እያንዳንዱ ለውጥ ማን እንደ ለወጠው፥ መቼና ስለ ምን እንደ ለወጠው ይመዘገባል። የእያንዳንዱም መዝገብ መለያ ቍጥር ከራሱ ይዘትና ከፊተኛው መዝገብ ተሰልቶ የሚወጣ ስለ ሆነ አንድ ሰው የቀድሞውን በስውር ቢፍቅ የኋለኞቹ ቍጥሮች ሁሉ ይፋለሳሉ፤ ፍቀቱም ይታወቃል። ገጹ የተቈጠረና ማኅተም ያረፈበት የክስ መዝገብ ማለት ነው። የእኅቴም ልጅ ሰዓትና ምክንያት ሳትጽፍ አንዲት ፊደል እንኳ አትለውጥም።

ሕግም ማወቅ አለባት። ክፍት ነው ማለት ባለቤትና ሥርዓት የለውም ማለት አይደለምና። እያንዳንዱ ፕሮግራም የፈቃድ ወረቀት አለው። በ1989 የወጣው የጂኤንዩ ፈቃድ ጽሑፉን አሻሽሎ ለሌላ የሚያድል ሰው የተሻሻለውን ዋና ጽሑፍ በዚያው ፈቃድ አብሮ እንዲሰጥ ግዴታ ያደርግበታል። ኤምአይቲ የሚባለው አጭሩ ፈቃድ ደግሞ የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ቃል አብሮ ማኖርን ብቻ ይጠይቃል። እርሷም ለራሷ ጽሑፍ ይህን ሁለተኛውን እንደ መረጠች ምክንያቱን ዘርዝራ አስረዳችኝ። ውል ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎችን በየቀኑ የማይ እንደ መሆኔ ይህ በዐይኔ ፊት ትልቅ ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ የአንድ ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ መዝገብ መዝጋት አይገባም። መጽሐፉ ለሁሉ ስለ ተገለጠ ሁሉ ያነበዋል ማለት አይደለም። የኢንተርኔትን ምስጢር ከሚጠብቁት ፕሮግራሞች አንዱ በሆነው ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ በ2012 ከወጣው እትም ጋራ የገባ አደገኛ ስሕተት እስከ 2014 ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ሳይነገር ኖሯል። ከዚህም የከፋ በ2024 ታየ። ኤክስዜድ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ በበጎ ፈቃድ የሚጠብቀው በተለይ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ደክሞት ሳለ ረዳት መስሎ የቀረበ ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በታማኝነት ሠርቶ አመኔታ ካገኘ በኋላ የብዙ ኮምፒዩተሮችን በር የሚከፍት ስውር ነገር አገባበት። ይህን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። እርሱም ፖስትግረስን ሲፈትን ሳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት ሲሞክር ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ልብ አለ። ሌላ ሰው ቸል የሚለውን ያን ግማሽ ሴኮንድ ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስ ተከታተለው፤ መጋቢት 29 ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ለዓለም አስታወቀ። ምንጩ ክፍት ባይሆን ኖሮ መዘግየቱን ቢያይም እስከ ሥሩ ሊደርስ ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ክፍትነቱ ብቻ አላዳነም፤ ያዳነው ትጉህ ሰው መገኘቱ ነው።

አባቷ ይህን ሁሉ በሰሙ ጊዜ «መልካም፤ እንጀራውስ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የአባት ጥያቄ ነውና ሊናቅ አይገባም። መልሱም ይህ ነው፤ ጽሑፉ በነጻ ቢገኝም የሚጭነው፥ የሚጠብቀው፥ ሲበላሽ የሚያቃናው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ሥራው በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፥ አይቢኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በአገራችንም ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ሞሲፕ በሚባል፥ በህንድ አገር በባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ላይ የቆመ ነው፤ የጤና ተቋሞቻችንም ቍጥራቸውን ለሚኒስቴሩ የሚያስተላልፉበት ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚዘጋጀው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። የእነዚህ ጽሑፍ ለእኛም ተገልጧል። ግን የሚያነበው የአገር ልጅ ከሌለ የተገለጠ መጽሐፍ ለማያነብ ሰው ከተዘጋው አይሻልም።

ስለዚህ ለአባቷ ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነገርኋቸው። በተጨማሪም የወረቀቱን ነገር እንዳይንቁት አልሁ፤ ቀጣሪ ሁሉ ሥራ መርምሮ አይቀጥርምና። እርሳቸውም አስበው ገንዘቡን ከሁለት ከፈሉት። ባንዱ እጅ ኮምፒዩተሩንና ባትሪውን ገዙ፤ ኢንተርኔቱንም በየወሩ ይከፍሉላታል። ሁለተኛውን እጅ የሊኑክስን ዕውቀት ለሚመዝን ፈተና አስቀመጡላት። እርሷም ለመዘግየት የማይመች የአንድ ዓመት ቀጠሮ ተቀበለች። በአሁኑ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሯታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ገና አላየንም።

ለወላጆች የምመክረውም ይህ ነው። ልጃችሁ «ክፍት ምንጭ እሠራለሁ» ባላችሁ ጊዜ አትቈጡ፥ ዝም ብላችሁም አትመኑ፤ ጠይቁ እንጂ። በዚህ ወር የማንን ጽሑፍ አነበብህ፥ ምንስ ተማርህበት? ከጻፍኸው ውስጥ ሌላ ሰው ያረመልህን አሳየኝ። ይህ ኮምፒዩተር ዛሬ ቢቃጠል የሥራህ ግልባጭ የት ነው? የሠራኸውስ ለማን ጠቀመ? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ሳይንተባተብ የሚመልስ ልጅ በእውነት እየሠራ ነው፤ መብራቱን አታጥፉበት። መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን በጊዜው ወደ ሌላ ትምህርት መምራት የወላጅ ፋንታ ነው።

ልጆችም በበኩላቸው ሥራቸውን ለቤተ ሰባቸው ሊያስረዱ ይገባቸዋል። ጽሑፋቸውን ለዓለም ሁሉ ገልጠው ለእናትና ለአባታቸው ምስጢር ሊያደርጉት አይገባምና፤ አባትም የሚከፍለው ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ የማወቅ መብት አለው።